ተሻለው ካልን በኋላ የተመለሰ ትኩሳት

በዚህ እትም የጤና ጥያቄና መልስ ዓምዳችን የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም የልጆችን ጉድፍ የሚመለከቱ ናቸው። ሐኪሞች ቫሪሴላ፣ ብዙ ሰው ደግሞ ቺክን ፖክስ የሚለው ይህ በሽታ ከኩፍኝ የተለየ መሆኑን ከወዲሁ እናስታውሳለን። አንዳንድ አንባቢዎቻችን ሁለቱን አንድ አድርገው ጽፈውልናል፤ ነገር ግን ቫይረሳቸው የተለያየ ነው፤ የኩፍኝ ሽፍታ ውሃ አይቋጥርም፤ የጉድፍ ግን ይቋጥራል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሳናሳጥር ያቀረብነው፣ ሌሎቹ ወላጆች በከፊል የጠየቁትን በሙሉ የያዘ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ3 ዓመት ወንድ ልጄን ጉድፍ ያዘው። ታላቅ እህቱ ከእሱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ታማ በሳምንቷ ድና ስለነበር ብዙም አልደነገጥንም። እሱ ላይ ግን ፊቱና ሆዱ እስኪሸፈን ድረስ ወጣበት። በ4ኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋለትና መጫወት ጀመረ፤ እኛም ተሻለው ብለን እፎይ አልን። በ6ኛው ቀን ጠዋት ትኩሳቱ ተመለሰ፤ ቀኝ እግሩንም መሬት አላስነካ አለ። ጭኑ ላይ ካሉት ቁስሎች የአንዱ ዙሪያ ቀልቷል፤ ቅላቱ ግን ከሳንቲም የሚበልጥ አልነበረም። የገረመኝ፣ ገና እጄን ሳስጠጋ መጮሁ ነው። ማታ ሆስፒታል ስናደርሰው ቅላቱ ወደ ጉልበቱ ወርዶ ነበር። ሐኪሟ ጠርዙን በእስክርቢቶ አሰመረችበት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትመለስ ቅላቱ መስመሩን አልፎ አገኘችው። በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። 3 ሳምንት ተኝቶ አሁን ደህና ነው። እኔ ያደግሁት ጉድፍ ቀላል ነው፣ ማንም ልጅ ሳይወጣበት አያድግም ሲባል ነው። ታዲያ ልጄን ምን ነካው? ጥፋቱስ የእኔ ነው?

መልስ፦ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ይህን የምለውም ለማጽናናት ብቻ አይደለም። በጻፉት ሂደት ውስጥ እስከ 5ኛው ቀን ድረስ ሐኪምን እንኳ የሚያሳስብ ነገር አይታየኝም። በ6ኛው ቀን ጠዋት ግን ሁለት ምልክቶች አብረው መጡ፤ የጠፋው ትኩሳት ተመለሰ፣ ከሚታየው ቁስል ጋር የማይመጣጠን ሕመምም ተከተለ። ልጅዎን በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ማድረስዎ ሕይወቱን አትርፎለታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጉድፍን የሚያመጣው ቫሪሴላ ዞስተር የተባለ ቫይረስ ነው። በትንፋሽና ውሃ ከቋጠሩት ቁስሎች በሚወጣ ፈሳሽ ይተላለፋል፤ አንድ ሰው ከተጋለጠ በኋላም ብዙውን ጊዜ ከ14 እስከ 16 ቀን፣ ሲያጥር 10፣ ሲረዝም 21 ቀን ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። ልጅዎ እህቱ ከታመመች ከሁለት ሳምንት በኋላ መታመሙ ከዚህ የተነሣ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ በሁለተኛነት የሚታመመው ልጅ ከመጀመሪያው ይልቅ እንደሚጠናበትም የታወቀ ነው፤ ከታመመው ጋር ቀንና ሌሊት አብሮ ስለሚውልና ስለሚያድር የሚደርሰው የቫይረስ መጠን ከፍ ያለ በመሆኑ ነው ተብሎ ይታመናል።

ክትባት ያልወሰደ ጤነኛ ልጅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 500 የሚደርሱ ሽፍታዎች ይወጣሉ። ሁሉም በአንድ ቀን አይወጡም፤ ለ3 ወይም ለ4 ቀናት በየተራ እየተከታተሉ ስለሚወጡ አንደኛው ገና ቀይ ነጥብ ሲሆን ሌላው ውሃ ይቋጥራል፣ ሦስተኛው ደግሞ ቅርፊት ይይዛል። ቆዳ ጀርሞችን ከውጭ የሚከለክል አጥር ነው፤ በጉድፍ ጊዜ ይህ አጥር መቶ ቦታ ይሸነቆራል፤ የሚያሳክከውን ልጅ ጥፍር ስንጨምርበት ደግሞ ሽንቁሩ ይሰፋል። በጤናማ ሰው ቆዳ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ያለ ጉዳት የሚኖሩት ስታፊሎኮከስ ኦሪየስና ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ የተባሉት ባክቴሪያዎች በዚሁ ይገባሉ። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የጉድፍ መዘዝም ይኸው የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ከላይኛው ቆዳ አያልፍም፤ ቁስሉ መግል ይይዛል፣ ቢጫ ቅርፊት ያወጣል፣ በመድኃኒትም ይድናል። አንዳንዴ ግን ባክቴሪያው ወደ ታች ይዘልቃል፤ ከቆዳው ሥር ያለውን ሥጋ ያስቆጣል፣ ወደ አጥንትና መገጣጠሚያ ይገባል፣ ወይም በደም ይሠራጫል። ከሁሉም የሚከፋው ጡንቻን የሸፈነውን ስስ ሽፋን ተከትሎ እየሄደ ሥጋን የሚያበሰብሰው ዓይነት ነው፤ ከጻፉት በመነሣት የልጅዎም ይኸኛው ይመስለኛል። ጥፋቱ የሚካሄደው ከሥር ስለሆነ ላይኛው ቆዳ ለብዙ ሰዓታት እምብዛም የተጎዳ አይመስልም፤ ሕመሙ ግን ከመጀመሪያው ኃይለኛ ነው። ሳንቲም የምታህል ቅላት ይዞ እጅ ሲቀርበው የሚጮህ ልጅ የሚያሰጋውም በዚህ ምክንያት ነው። በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ የግድ ያስፈልጋል፤ ሆኖም ደም ወደሞተው ሥጋ ስለማይደርስ መድኃኒቱም አይደርስም፤ ስለዚህ የሞተው ክፍል በቀዶ ሕክምና መወገድ አለበት። ሐኪሟ በእስክርቢቶ ያሰመረችውም ቅላቱ ምን ያህል እየፈጠነ እንደሆነ ለማየት ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሱን አገኘች።

ወላጆችን ሁልጊዜ የምመክረው ሽፍታውን ከመቁጠር ይልቅ ቀኖቹን እንዲቆጥሩ ነው። ገና አዲስ ሽፍታ እየወጣ ሳለ ትኩሳት መኖሩ የሚጠበቅ ነው። አዲስ መውጣቱ ሲያቆም ትኩሳቱም መብረድ አለበት። ከ4 ቀን በላይ የዘለቀ፣ ከ38.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለፈ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ቀን ጠፍቶ የተመለሰ ትኩሳት ልጁን በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል። ቁስል ዙሪያ የሚሰፋ፣ የሚሞቅና የሚያም ቅላት፣ እጅና እግርን ለማንቀሳቀስ እምቢ ማለት፣ በመላ ሰውነት ላይ ፀሐይ ያቃጠለው የሚመስል መቅላት ከመፍዘዝ ጋር፣ እንዲሁም ፈጣን ወይም የሚከብድ አተነፋፈስ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠበቅባቸውም። ከባድ አተነፋፈስ የሳንባ ምች ምልክት ሊሆን ይችላል። በራሱ በጉድፍ ቫይረስ የሚመጣው የሳንባ ምች በአዋቂዎች ላይ ይበዛል፤ በልጆች ላይ፣ በተለይ 1 ዓመት ባልሞላቸው፣ ባክቴሪያ ጨምሮበት የሚመጣውም ሊኖር ይችላል።

ለመከላከል የሚረዳው ነገር ቀላል ነው፤ የልጁን ጥፍር አሳጥሮ መቁረጥ፣ በየቀኑ ለብ ባለ ውሃ አጥቦ ሳያሹ ማድረቅ፣ ውሃ የቋጠረውን አለማፍረጥ። ይህን ሁሉ አድርገውም ኢንፌክሽን የሚይዘው ልጅ አለ።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት የልጅ ልጄ ጉድፍ ይዞት ትኩሳቱ አልበርድ ብሎታል። እኔ ለራሴ የምወስደው አስፕሪን ቤት ውስጥ አለ። ግማሹን ብሰጠው ይጎዳዋል? አይቡፕሮፌንስ?

መልስ፦ እማማ፣ አስፕሪኑን ግማሹንም ሩቡንም አይስጡት። ጉድፍ ወይም ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ልጅ አስፕሪን ሲወስድ፣ ጥቂት ቢሆንም የማይናቅ ቁጥር ያላቸው ልጆች ላይ አንጎልን የሚያሳብጥና ጉበትን የሚጎዳ ብርቱ ሕመም ይከተላል። ሕመሙ ሬይ ሲንድሮም ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1963 በዝርዝር ከገለጸው አውስትራሊያዊ የፓቶሎጂ ሐኪም ከዳግላስ ሬይ ነው። በ1980ዎቹ ወላጆች ለልጆች አስፕሪን እንዳይሰጡ በስፋት ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ በኋላ በሽታው እጅግ ብርቅ እስከመሆን ደርሷል፤ ማስጠንቀቂያው ዛሬም የሚደገመው ስለዚህ ነው። ሬይ ሲንድሮምም የሚመጣው ልጁ ከጉድፉ እያገገመ ሳለ ነው፤ ያለማቋረጥ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ይደነዝዛል ወይም ያለጠባዩ ይቆጣል፣ ይቃዣል። በአንዳንድ የጉንፋንና የሆድ መድኃኒቶች ውስጥ የአስፕሪን ቤተሰብ የሆነው ሳሊሲሌት የሚል ስም ስለሚገኝ የሚሰጡትን ሁሉ ማሸጊያውን ያስነብቡ።

አይቡፕሮፌንን በተመለከተ፣ ጉድፍ ይዟቸው የወሰዱ ልጆች ላይ ከፍ ብለን የጠቀስነው ከባድ የቆዳና የሥጋ ኢንፌክሽን በርከት ብሎ ታይቷል። መድኃኒቱ ራሱ አባባሰው ወይስ ከመጀመሪያውም የተሰጠው ይበልጥ ለታመሙት ልጆች ነው የሚለው አከራካሪ ነው፤ ፓራሲታሞል እያለ ግን ወደዚህ ክርክር መግባት አያስፈልግም። ፓራሲታሞሉም በልጁ ክብደት ልክ ይሁን። ለማሳከኩ ብለው ደግሞ ከሌላ ጊዜ የተረፈ ፕሬድኒሶሎን ወይም ማንኛውንም የሚዋጥ ስቴሮይድ እንዳይሰጡት አደራ እላለሁ፤ ሰውነቱ ቫይረሱን የሚከላከልበትን አቅም ያዳክምበታል።

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄ ከጉድፍ ድና ቅርፊቱ ሊረግፍ ሲል እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ ጀመረች። ብርጭቆ ልታነሣ ስትል እጇ እየተንቀጠቀጠ አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ ትይዛለች። ትኩሳት የላትም፤ ትናገራለች፣ ትስቃለች። ሐኪሞች ይድናል ቢሉንም ማመን አቃተን።

መልስ፦ አባት ሆነው ይህን ሲያዩ ቢያስፈራዎት አይፈረድብዎትም። የገለጹት ነገር የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቀው ሴሬቤለም፣ ማለትም ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል፣ ከጉድፉ በኋላ ሲቆጣ የሚሆነው ነው። ከ15 ዓመት በታች ካሉ በጉድፍ ከታመሙ ልጆች መካከል ከ4,000 አንዱን ያህል ይገጥመዋል፤ ሽፍታው ከወጣ ከሳምንት በኋላ አካባቢ ይጀምራል፣ ብዙዎቹም ልጆች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። እስከዚያው ከደረጃና ከከፍታ ይጠብቋት፤ ከመውደቅ በላይ የሚያሰጋት ነገር ጥቂት ነው።

ሐኪሞቹ እንዲያ በልበ ሙሉነት የነገሩዎት ልጅዎ ስለምትናገርና ስለምትስቅ ነው። አእምሮዋ ንቁ ነው ማለት ነው። መላው አንጎል ሲቆጣ ግን ሁኔታው ሌላ ነው፤ ብርቱ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ለመንቃት አስቸጋሪ የሆነ እንቅልፍ፣ መቀባዠር፣ የሰውነት መንቀጥቀጥ ይታያል፤ የአንገት መገተርም ሊጨመርበት ይችላል። ይህ ከሴሬቤለሙ መቆጣት ይልቅ ብርቅ ቢሆንም ዘላቂ ጉዳት ሊያስከትል ወይም ሊገድል ይችላል፤ የሆስፒታል ሕክምናም በሰዓታት ውስጥ ይፈልጋል። ወላጆች እምብዛም የማይነገራቸው አንድ ነገር ልጨምር፤ ቫይረሱ አልፎ አልፎ የአንጎልን የደም ሥሮች ስለሚያስቆጣ ከጉድፍ በኋላ ባሉት 6 ወራት ውስጥ ስትሮክ የገጠማቸው ልጆች አሉ። ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ልጅ በድንገት አንድ ጎኑ ቢዝል ወይም አፉ ቢጣመም ሐኪሙ ስለ ጉድፉ ላይጠይቅ ይችላልና እርስዎ ራስዎ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ የ9 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ዛሬ ጉድፍ ወጣበት። የሚወለደው ልጅ ይጎዳል?

መልስ፦ መልሱ እርስዎ ከዚህ በፊት ጉድፍ ይዞዎት እንደሆነ ወይም ተከትበው እንደሆነ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ይዞዎት ከነበረ በደምዎ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ወደ ፅንሱ ስለሚተላለፍ ጊዜውን ጠብቆ የተወለደን ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ይጠብቀዋል። እርግጠኛ ካልሆኑ ዛሬውኑ ለሐኪምዎ ደውለው ይንገሩ፤ ክሊኒክ ውስጥ ከሌሎች ነፍሰ ጡሮች ጋር እንዳይቀመጡ አስቀድሞ መደወሉ ይሻላል። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ካልያዘዎት ደግሞ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለው የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ወይም አሲክሎቪር የተባለው ፀረ ቫይረስ ሊታዘዝልዎት ይችላል። ለራስዎም ቢሆን ያስፈልጋል፤ በእርግዝና ጊዜ የሚይዝ ጉድፍ እናቲቱን ለከባድ የሳንባ ምች ያጋልጣል።

በጣም የሚያሰጋው፣ እናት ከመውለዷ በፊት ባሉት 5 ቀናት ወይም ከወለደች በኋላ ባሉት 2 ቀናት ውስጥ ሽፍታው ሲወጣባት ነው። በዚህ ጊዜ ሕፃኑ ቫይረሱን ይወርሳል፣ ፀረ እንግዳ አካሉን ግን አይወርስም፤ እናቱ ራሷ ገና አላመረተችውምና። ሕክምናው ባልነበረበት ጊዜ እንዲህ ከታመሙት ሕፃናት እስከ 30 በመቶ ይሞቱ ነበር። አሁን ሕፃኑ እንደተወለደ ኢሚዩኖግሎቡሊን ይወጋል፤ ምልክት ካሳየም አሲክሎቪር በደም ሥር ይሰጠዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ የደም ካንሰር ሕክምና ላይ ነው። ትናንት አብሮት ሲጫወት የዋለው ልጅ ዛሬ ጉድፍ ወጣበት አሉን። ሽፍታ ካየሁ ይዤው ልሂድ?

መልስ፦ ሽፍታ እስኪያዩ አይጠብቁ፤ ይህን መልስ ከማተማችን በፊት በስልክ የነገርንዎትም ይህንኑ ነበር። ጉድፍ ሽፍታው ከመውጣቱ 1 ወይም 2 ቀን አስቀድሞ ስለሚተላለፍ ልጅዎ እንደተጋለጠ ይቆጠራል። ኢሚዩኖግሎቡሊን ከተጋለጡ በኋላ በ10 ቀናት ውስጥ ይሰጣል፤ በፈጠነ ቁጥር ግን ይበልጥ ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቁት ጊዜ ይረዝማል፤ መርፌው በሽታውን ሊያዘገየው ስለሚችል እስከ 28ኛው ቀን ይከታተሉታል። የመከላከል አቅሙ በደከመ ልጅ ላይ ቫይረሱ ወደ ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል ይዘልቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይ ብርቱ የሆድ ወይም የጀርባ ሕመም ይቀድማል። በውሃው ፈንታ ደም የቋጠረ ሽፍታም ሆነ እንደ በለዝ ያለ ምልክት ካዩ ለጉዳዩ ከሆስፒታል የሚቀድም ነገር የለም። በሌሎች ጤነኛ ልጆች ላይ አሲክሎቪርን ሁልጊዜ አናዝም፤ ለእንዲህ ያለ ልጅ ግን ገና በመጀመሪያው ሽፍታ በደም ሥር ይጀመርለታል።

ጥያቄ፦ የጎረቤታችን ልጅ ዛሬ ጉድፍ ወጣበት። እናቱ «በልጅነት ቢይዛቸው ይሻላል» ብላ የ4 ዓመት ልጄን ቅዳሜ አምጥቼ አብረው እንዲጫወቱ ነገረችኝ። አልተከተበም። ልውሰደው?

መልስ፦ አይውሰዱት። የጎረቤትዎ አባባል ከአንድ እውነት የተነሣ ነው፤ ጉድፍ በአዋቂ ላይ ይከብዳል። ነገር ግን ከልጆች መካከል ማን በሳምንት እንደሚድን፣ ማን በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ እንዳለው ሕፃን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። በአሜሪካ ክትባቱ ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ 4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በጉድፍ ይታመሙ ነበር፤ ከ10,500 እስከ 13,000 የሚሆኑት ሆስፒታል ይተኙ፣ ከ100 እስከ 150 የሚሆኑት ይሞቱ ነበር፤ ከሞቱትም ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ጤነኞች ነበሩ። በተፈጥሮ የያዘው ልጅ ቫይረሱ በነርቮቹ ውስጥ ተደብቆ ስለሚቀር ካደገ በኋላ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ሊነሣበትም ይችላል፤ የተከተቡ ልጆች ላይ ይህ በጣም ያነሰ ነው።

ክትባቱን የሠራው ጃፓናዊው ሐኪም ሚቺያኪ ታካሃሺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የ3 ዓመት ልጁ ጉድፍ ይዞት ክፉኛ ሲሠቃይ አጠገቡ ተቀምጦ ካየ በኋላ በጉዳዩ ላይ መሥራት ጀመረ፤ በ1974ም ክትባቱን ይፋ አደረገ። አሁን በተለመደው አሠራር የመጀመሪያው ከ12 እስከ 15 ወር፣ ሁለተኛው ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ይሰጣል። ከተከተቡ በኋላ የሚታመሙ ጥቂት ልጆች አሉ፤ ሽፍታቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ50 አይበልጥም፣ ብዙውም ውሃ አይቋጥርም።

ስለዚህ የቅዳሜውን ጨዋታ ይተዉት፤ የታመመው ልጅ ቁስሎች ሁሉም ቅርፊት እስኪይዙ ድረስም ያራርቋቸው። ልጅዎ ትናንት ወይም ከትናንት በስቲያ አብሮት ተጫውቶ ከሆነ ግን መራቁ ብቻ አይበቃውም። ክትባቱ ከተጋለጡ በኋላ በ3 ቀናት ውስጥ፣ ቢዘገይ እስከ 5ኛው ቀን ከተሰጠ በሽታውን ሊያስቀር ወይም ሊያቀልለው ስለሚችል ነገ ጠዋት ወደ ሐኪም ይውሰዱት።